ናስ ቢጠፋ በምን ይሠራ?

በዚህ ዕትም የማቀርብላችሁ ጽሑፍ የተነሣው ከአንድ ክርክር ነው። ክርክሩን ያስነሣው ደግሞ የንብረት ቆጠራ ነው። በዐቢይ ጾም፣ ከበሮና ጸናጽል በሚያርፉበት ወራት፣ የንብረት ክፍላችን ዕቃውን አውጥቶ ሲቆጥር ካሉን ዐሥራ ሁለት ጸናጽሎች የአምስቱ ክፈፍ ተሰንጥቆና ተሰብሮ ተገኘ። ለትንሣኤ ሌሊት መድረስ ስለ ነበረባቸው ሁለት ወንድሞች ወደ መርካቶ ተልከው ዋጋ ጠየቁ። የናሱ ዋጋ በሣጥናችን ካለው ገንዘብ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ስለ ሆነባቸው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በስብሰባው የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ግማሾቻችን «ከበርሜል ብረት አስቆርጠን እናሠራ» አልን። የኔታ ደግሞ «ናስ ያልሆነ ጸናጽል ይንኳኳ እንደሆነ እንጂ አይዘምርም» ብለው ዘጉት። በመካከል አንዲት ታናሽ እኅታችን እጇን አውጥታ «በቆርኪስ ቢሆን?» ብትል ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ከሣቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። ይሁን እንጂ ነገሩን ቤቴ ገብቼ ሳስበው የሦስታችንም ንግግር የቆመው በማናውቀው ነገር ላይ እንደ ነበር ተረዳሁ። ናስ ለዜማ መሣሪያ የተመረጠው ለምንድር ነው? በእርሱ ፈንታ ሌላ ነገር ቢገባ የሚጠፋውስ ምንድር ነው? ከዚህ በታች የምጽፈው ይህን ስፈልግ ያገኘሁትንና በኋላም በእጃችን የሞከርነውን ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። በየቤታችን ናስና ነሐስ እያልን እያቀያየርን እንጠራለን እንጂ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ናስ መዳብ ከዚንክ ጋር የተዋሐደበት ነው። ነሐስ ግን መዳብ ከቆርቆሮ ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ነው፤ ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን ማለቴ አይደለም፤ ነጩንና ለስላሳውን ብረት ነው። ትራምፔትና ትሮምቦን የሚሠሩበት የተለመደው ቢጫ ናስ ከመቶው 70 እጅ ያህል መዳብ፣ 30 እጅ ያህል ዚንክ ነው። መዳቡ ወደ 85 ወይም ወደ 90 እጅ ከፍ ሲል ቀለሙ ወደ ቀይነት ያደላል። የጥይት ቀለህም የሚሠራው ከዚሁ 70ና 30 ከሆነው ናስ ነው። በአገራችን አንጥረኞች ቀለህ ሰብስበው መስቀልና ጌጣጌጥ የሚሠሩት ብረቱ ለእጅ ስለሚመች ነው።

ይህ «ለእጅ ስለሚመች» ያልሁት ነገር ብዙ ይነግረናል። ናስ እንደ ብረት አይዝግም። ግማሽ ሚሊ ሜትር እስኪሆን ድረስ ቢቀጠቀጥ አይቀደድም፤ ቱቦ ሆኖ ይጠቀለላል፤ በቀላሉ ይበየዳል፤ ቢጎደጎድ ተመልሶ ይቃናል። እንግዲህ ናስ መጀመሪያ የተወደደው በሠራተኛው ነው። ዘማሪው የወደደው ከዚያ በኋላ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

መጽሐፍ ቅዱስን የምታነቡ ሁሉ ይህን ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 ሙሴ እንዲያሠራ የታዘዘው ሁለት መለከት ከተቀጠቀጠ ብር ነው። በኢያሱ ምዕራፍ 6 በኢያሪኮ ዙሪያ የተነፋው ደግሞ የቀንድ መለከት ነው። ናስ የምናገኘው በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 15 ቁጥር 19 ላይ ሲሆን፣ እዚያም ሄማን፣ አሳፍና ኤታን የያዙት የናስ ጸናጽል ነው። የሚነፋው ከብርም ከቀንድም ሆነ፤ የሚመታው ግን ናስ ሆነ። ከሦስት ጥቅስ ተነሥቼ ሕግ ላወጣ አልፈልግም። ነገር ግን ይህ ልዩነት በሥነ ድምፅ ትምህርት ሲታይ ትልቅ ምክንያት አለው።

ምክንያቱን ለማወቅ ስለ ማንኛውም መሣሪያ አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ይበቃል፤ ድምፅ ሲሰጥ የሚንቀጠቀጠው ማን ነው? መለከት የሚነፋ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ ሲተነፍስ መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው ከንፈሩ ነው። የከንፈሩ መንቀጥቀጥ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያንቀሳቅሳል። የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚወስነውም የአየሩ ዐምድ ርዝመትና ቅርጽ ነው። ቱቦው አየሩን የያዘ ዕቃ ነው። ከዕቃው የሚፈለገውም ጥቂት ነው፤ እንዳያፈስ፣ ውስጡ ልሙጥ እንዲሆን፣ ግድግዳውም የማይልፈሰፈስ እንዲሆን። ይህን ያሟላ ነገር ሁሉ፣ ሸምበቆም ይሁን ወርቅ፣ ሊዘምር ይችላል። ጸናጽልን ስናንሣ ግን አየሩን የያዘ ቱቦ የለም። የሚንቀጠቀጠው ብረቱ ራሱ ነው፤ ብረቱ ሲለወጥ ድምፁም አብሮ ይለወጣል።

የመጀመሪያውን ክፍል እናንተም መፈተን ትችላላችሁ። ርዝመታቸውና የውስጥ ስፋታቸው አንድ የሆነ ሦስት ቱቦ ፈልጉ፤ አንዱ ሸምበቆ፣ አንዱ የውኃ ቧንቧ፣ አንዱ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ ይሁን። የሁሉንም ታች በአውራ ጣታችሁ ድፈኑና የጠርሙስ አፍ እንደሚነፋ አድርጋችሁ በአፋቸው ጠርዝ ላይ ንፉ። ጓደኞቻችሁ ከበር ውጭ ቆመው የትኛው እንደሆነ ይገምቱ። እኛ ስንሞክረው ገማቾቹ እርስ በርሳቸው ተጣሉ እንጂ አልለዩትም። የአፉ ጠርዝ በአንድ ዓይነት ካልተሞረደ ግን ፈተናው ይበላሻል፤ እኛም መጀመሪያ የተሳሳትነው በዚህ ነው።

ይኸንኑ ሥራ በሚገባ ያከናወነው ጆን ኮልትማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። የውስጥ ልካቸው አንድ የሆነ ሦስት ቁልፍ አልባ ፍሉቶችን፣ አንዱን ከስስ ብር፣ አንዱን ከወፍራም መዳብ፣ አንዱን ከእንጨት አሠርቶ አስነፋ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1971 ሲያትም፣ የሰሙትም የነፉትም ሰዎች በድምፁ ብቻ መለየት አለመቻላቸውን ገለጠ። ከነሐስና ከናስ አልፎ ብርና ወርቅ ለፍሉት ለሚከፍል ሰው ይህ የሚያስደስት ወሬ አልነበረም። እንዲያውም ኤድጋር ቫሬዝ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1936 ከፕላቲነም ለተሠራ ፍሉት አንድ ድርሰት ጽፎ፣ ርእሱን ከፕላቲነሙ እፍግታ ቁጥር «21.5» ወስዶለታል።

እኛ ግን ሩቅ ሳንሄድ ምስክሩን በአገራችን እናገኘዋለን። ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ የሚነፉት እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ከቀርከሃም ይሠራል፣ ከብረት ቱቦም ይሠራል፤ በሁለቱም እምቢልታ ነው። መለከታችንም በጥንቱ አሠራር ሸምበቆ ሆኖ በቆዳ የሚለበጥ ነው። ዋሽንትን ዛሬ በከተማ ከፕላስቲክ ቱቦ ሲሠሩት እናያለን። የናስ መለከት በባንድ መልክ በአዲስ አበባ የጠነከረው፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት መጫወት ከጀመሩ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ቤተ መንግሥት ያለ ናስ ትራምፔት ዝም ብሎ አልኖረም።

በውጭ አገር ካሉት ሁሉ እኔን የማረከኝ ሰርፐንት የሚባለው ነው፤ እባብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1590 አካባቢ በፈረንሳይ አገር ኦሴር በምትባል ከተማ የነበረ ኤድሜ ጊዮም የተባለ ካህን እንደ ሠራው ይነገራል። አፉ እንደ መለከት አፍ በከንፈር የሚነፋ ሲሆን፣ አካሉ ግን ሁለት ሜትር ከግማሽ ለሚጠጋ ርዝመት እንደ እባብ የተጠማዘዘ እንጨት ነው። እንጨቱን ለሁለት ሰንጥቀው ከፈለፈሉት በኋላ ይገጥሙትና አየር እንዳያፈስ በቆዳ ይሸፍኑታል። የተሠራውም በቤተ ክርስቲያን የወንዶችን ወፍራም ድምፅ እንዲደግፍ ነበር። በፈረንሳይ አድባራት እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ አገልግሏል። የኛ ሰው መለከቱን በቆዳ ሲለብጥ፣ የፈረንሳዩ ካህን ደግሞ እባቡን በቆዳ ሲያለብስ፣ ሁለቱም የታገሉት አንድን ችግር ነው፤ ከተክል የተገኘ ቱቦ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀም ያፈስሳል።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ፕላስቲክ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1950 ግራፍተን የተባለ ነጭ የአክሪሊክ ሳክስፎን በእንግሊዝ አገር ለገበያ ወጣ። ታላቁ የጃዝ ሰው ቻርሊ ፓርከር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1953 በቶሮንቶ ከተማ በማሲ አዳራሽ በዚያ ፕላስቲክ ተጫውቶበታል። የዚያን ምሽት ቅጂ እስከ ዛሬ የሚሰሙ ሰዎች በመሣሪያው ቅር ሲሰኙ አይሰማም። ነገር ግን ግራፍተን አልሰነበተም። አካሉ ይሰነጠቅ ነበር፤ ከተሰነጠቀም በኋላ ናስ እንደሚበየድ መበየድ አይቻልም። ድምፁ ሳያሳፍረው ጥገናው ጣለው። በማርሽ ባንድ ተሸካሚውን ጠምዝዞ የሚነፋው ትልቁ ሱዛፎን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፋይበርግላስ መሠራቱ ደግሞ ስለ ተሸካሚው ትከሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከእንግሊዝ የወጣው የፕላስቲክ ትሮምቦን ክብደቱ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ሕፃን ቢጥለው አይጎደጎድም። በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫ ጊዜ ጆሮአችንን የበጠበጠው ቩቩዜላም ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ድምፅ የለውም የሚል ካለ ያን ወር ያስታውስ።

ይህን ስል ቁሳቁሱ ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። አፉ ሰፊና ግድግዳው ስስ በሆነ ትራምፔት ላይ የብረቱ መንቀጥቀጥ በድምፁ ላይ ጥቂት ለውጥ እንደሚያመጣ ከኮልትማን በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች አሳይተዋል። ከዚህም በላይ ነፊው በእጁና በከንፈሩ የሚሰማው ነገር አለ፤ ሲቀዘቅዝ፣ ሲከብድ፣ ሲንዘር ይሰማዋል፤ ያ ስሜት ደግሞ አነፋፈሱን ይለውጠዋል። አድማጩ የማይሰማው ነፊው ግን የሚያውቀው ልዩነት አለና፣ «መሣሪያዬ ተለውጦብኛል» የሚልን ነፊ በኮልትማን ስም መገሠጽ ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ወደሚመታው እንለፍ፤ የኛም ጭንቀት እዚህ ነው። በጣና ገዳማት ተንጠልጥለው የሚደወሉ ድንጋዮች መኖራቸውን የተሳለሙ ሁሉ ያውቃሉ። ድንጋይ ሁሉ ግን አይደወልም። ጠጣር፣ ስንጥቅ የሌለበትና ረዘም ብሎ ሳሳ ያለው ብቻ ነው የሚጮኸው። በየትምህርት ቤቱ የመኪና ቸርኬ ወይም የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ተሰቅሎ ልጆችን ከሜዳ ወደ ክፍል ሲጠራ አድገናል። በእነዚህ ሁሉ ናስ የለም። እንዲያውም ጥሩ ደወል ራሱ ናስ አይደለም። የደወል ብረት ከመቶው ወደ 80 እጅ መዳብና ወደ 20 እጅ ቆርቆሮ ያለበት ነሐስ ነው። በባንድ ውስጥ የሚፋጩት ሲምባሎችም የተመሰገኑት ነሐስ ናቸው፤ የናሶቹ ርካሾቹና ድምፃቸው ቶሎ የሚሞተው ናቸው። የኔታ «ናስ ካልሆነ» ሲሉ ከናስ የሚበልጥ እንዳለ አላነሡም ነበር።

ብረትስ? ቦኹም በምትባል የጀርመን ከተማ የተሠሩ የአረብ ብረት ደወሎች እ.ኤ.አ. በ1855 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ቀርበው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ የጀርመን አብያተ ክርስቲያናት የነሐስ ደወሎቻቸው ለጦር መሣሪያ ቀልጠውባቸው ስለ ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ በብረት ደወል ተኩአቸው። ብረቱ ረክሷል፤ ለመድፍም አልተመኙትም። ነገር ግን ለዚያው ድምፅ የብረት ደወል ከነሐሱ ተልቆ መሠራት አለበት፤ ዝገትም ያጠቃዋል። በትሪኒዳድ ደሴት ደግሞ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ወጣቶች የነዳጅ በርሜል ክዳን እየቀጠቀጡ ሙሉ ዜማ የሚያወጣ ከበሮ ሠርተዋል። ያ በርሜል እኛ ልናስቆርጠው ያሰብነው ዓይነት በርሜል ነው።

ለምን ብረት «ይልቃል»? ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ስስ ሳህን ሲመታ የሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት በጥንካሬውና በክብደቱ መካከል ባለው ሚዛን ይወሰናል። በስፋትም በውፍረትም አንድ የሆኑ የናስና የብረት ሳህኖች ቢመቱ፣ ናሱ 10 ጊዜ በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ውስጥ ብረቱ 14 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የብረት ጸናጽል ከረር ይላል፤ ጆሮን ይወጋል። አሉሚኒየምም ቀላል መሆኑን አይታችሁ አትታለሉ፤ በከፍታው ከብረቱ ጋር እኩል ነው። ከዚህ ግን ጥሩ ዜና ይገኛል፤ ሳህኑ በሳሳ ቁጥር ድምፁ ይወርዳል። የብረቱን ውፍረት ከናሱ ውፍረት ሰባት ዐሥረኛ ያህል ብናደርገው ከፍታው ይቀራረባል ማለት ነው። የድምፁ ቃና ግን በዚህ ብቻ አንድ አይሆንም።

ይህን ይዤ ከሁለቱ ወንድሞች ጋር ምናለሽ ተራ ሄድን። ያገኘነው ቀጥቃጭ አረጋዊ ናቸው። እኔ ስለ ውፍረት የጻፍሁትን ወረቀት ሳወጣ ከመሬት አንድ የናስ ቁራጭ አንሥተው አስደወሉት፤ ደነቆረ። በመዶሻ ዙሪያውን ቀጠቀጡትና እንደ ገና አስደወሉት፤ ጠራ። «ያልተመታ ናስ አይጮኽም» አሉን። ናስ በቀጠቀጡት ቁጥር ይጠነክራል፤ በእሳት ሲግል ተመልሶ ይለሰልሳል፤ ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ የሰማሁት ግን ያን ዕለት ነው። ሳልጽፈው የማላልፈው ነገር አለ። በማኅሌት የምናነሣውን ጸናጽል፣ የምንሳለመውን መስቀል ያበጁልንን እጆች «ቡዳ» እያልን ስንሸሽ የኖርን እኛ ነን። እኒያ አባት ሻይ ሲያስመጡልን ከመካከላችን አንዱ ብርጭቆውን ለመቀበል ሲያመነታ አይቻለሁ። እኔ ራሴም ወንድሜን ቀና ብዬ ለመቆጣት ድፍረት አጣሁ።

በምክራቸው መሠረት ሁለት ዓይነት አሠራን። በአንደኛው ዓይነት የበቅሎ እርካብ የመሰለው ክፈፍ ብረት ሆኖ፣ ክብ ሳህኖቹ ግን ከተሰበሩት ጸናጽሎች የተረፉት ናሶች ሆኑ። በሁለተኛው ሁሉም ነገር ከበርሜል ብረት ሆነ፤ ሳህኖቹም ሳስ ተደርገው ተቆረጡ። ታናሽ እኅታችንም የቆርኪዋን አልተወችም። ቆርኪ ዝም የሚለው ጠርዙ ስለ ተጨማደደና ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ድምፁን ስለሚያፍነው እንደሆነ ራሷ ደረሰችበት። ሽፋኑን ልጣ፣ በድንጋይ ደልድላ፣ በሽቦ ሰክታ አመጣችው።

ከዚያም የኔታን ለመንናቸው። «እባክዎ የኔታ፣ ጀርባዎን ሰጥተው ይስሙልን» ብንላቸው ፈገግ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። አንዱን አሮጌ የናስ ጸናጽል ከአዲሶቹ ጋር እያደባለቅን አንድ በአንድ አሰማናቸው። ሙሉ ብረት የሆነውን በሰሙ ቁጥር ሳይሳሳቱ «ይህ በርሜላችሁ ነው» አሉ። ቆርኪውን ሲሰሙ «ይህስ የማነው? ለሕፃናት ይሆናል» አሉ። ክፈፉ ብረት፣ ሳህኑ ናስ የሆነውን ግን ከአሮጌው ሊለዩት አልቻሉም። ሁለት ጊዜ አዲሱን አሮጌ፣ አንድ ጊዜም አሮጌውን አዲስ አሉ። በጸናጽል ውስጥ አብልጦ የሚጮኸው ሳህኑ ነው፤ ክፈፉ ተሸካሚ ነው።

በዚህም ስብሰባው ተስማማ። የተረፉት የናስ ሳህኖች ለአራት ጸናጽል ስለ በቁ አራቱ በብረት ክፈፍ ተሠሩ፤ ሙሉ ብረቱ ለመለማመጃ፣ የቆርኪው ለሕፃናት ክፍል ተሰጠ። ወጪው በሣጥናችን ከነበረው አላለፈም። ክፈፉ እንዳይዝግ ንብረት ክፍል በየወሩ በዘይት ጨርቅ እንዲያብሰው ተወስኗል፤ የዚህ ወር ተራ የማን እንደሆነ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። በትንሣኤ ሌሊት የኔታ ከአራቱ አንዱን አንሥተው ጥቂት ከመዘኑት በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ምነው ቀለለ?» አሉኝ። ብረት ከናስ ቀለል እንደሚል ልነግራቸው ስል ከበሮው ተመታ።